ጀበናና ወረቀት፦ የሐበሻ አነስተኛ ነጋዴዎች ታሪክ በካርቱም

ታሪክ ሲባል ተማሪዎቻችን ቶሎ የሚያስቡት ንጉሥና ጦርነት ነው። ዓድዋንና መቅደላን ብንጠይቃቸው በደንብ ይነግሩናል። እናቶቻቸውና አጎቶቻቸው ካርቱም ውስጥ ምን ነግደው ቤተሰብ እንዳሳደሩ ስንጠይቃቸው ግን «እሱማ ኑሮ ነው እንጂ ታሪክ ነው እንዴ?» ይሉናል። እኛ ታሪክ ነው እንላለን። እንዲያውም ቶሎ ካልተጻፈ የሚጠፋ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ከ2023 ጦርነት ወዲህ ያን ንግድ የሚያውቁት ሰዎች ግማሾቹ ገዳሪፍ፣ ግማሾቹ ካይሮ፣ ግማሾቹ ደግሞ መተማና አዲስ አበባ ተበትነዋል። (ሦስት ግማሽ እንደሌለ የሒሳብ መምህራን ይታዘቡናል፤ አነጋገር ነው።) በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ካርቱም ሐበሻ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንዱ «ሐበሻ ጎበዝ ነው፣ ባዶ እጁን ገብቶ ይነግዳል» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ሃያ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ አንድ የራሱ ሱቅ የሌለው ምን ዓይነት ነጋዴ ነው?» ይላል። ሁለቱም ወሬዎች ሰውየውን ብቻ ያያሉ፤ በኪሱ ያለውን ወይም የሌለውን ወረቀት አያዩም። በእኛ አስተያየት የካርቱም ሐበሻ ንግድ ያን ቅርጽ የያዘው፣ ማለትም ትንሽ፣ ቀላልና በአንድ እጅ ተይዞ የሚነሣ ሆኖ የቀረው፣ በችሎታ ማነስ ወይም በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ሕጉ እንዲያ አድርጎ ስለሠራው ነው።

ለነገሩ በዚህ ድንበር የመጻተኛ ንግድ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመተማን ገበያ፣ ሱዳኖች ገላባት የሚሉትን፣ ይዘው የነበሩት ተክሩር የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ በሐጅ መንገድ መጥተው እዚያው የቀሩ ነበሩ። አለቆቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ወገን ግብር ይከፍሉ ነበር። ሁለት ጌታ ማደር ይከብዳል፤ ሆኖም ገበያው በሰላም እንዲውል የከፈሉት ዋጋ ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1889 የወደቁበት ያ ቦታ በመማሪያ መጽሐፋችን የጦር ሜዳ ብቻ ሆኖ ቀረ እንጂ ከዚያ በፊት የቡናና የሰም ገበያ ነበር።

ወደ ስደቱ ዘመን እንምጣ። ሱዳን የኤርትራ ስደተኞችን በብዛት መቀበል የጀመረችው በ1967 ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ፣ በተለይ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ከኢትዮጵያ ከተሞች ተማሪው፣ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው በመተማና በሁመራ በኩል ወጣ። በ1984 እና 85 ረሀቡ ገበሬውን አመጣው። ሱዳናውያን ሁላችንንም በአንድ ቃል «ሐበሽ» ይሉናል፤ እኛም እዚህ «ሐበሻ» ስንል የኤርትራን ልጅ ጨምረን ነው።

የሱዳን መንግሥት ሐሳብ ስደተኛው በምሥራቅ፣ በገዳሪፍና በከሰላ ዙሪያ፣ በካምፕና በሰፈራ እንዲኖር ነበር። እጁ ሞፈር የለመደ ሰው በሰፈራው መሬት ወይም በትልልቆቹ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች በቀን ሥራ ጊዜውን ይገፋል። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከአስመራ የመጣ፣ እርሻ አይቶ የማያውቅ ከተሜ ግን ምን ይሥራ? ወደ ካርቱም ሄደ። ከመሐል ከተማው ደቡብ ባለው ዴም፣ በኋላም በጅሬፍና በሌሎች ሰፈሮች ክፍል እየተጋራ ተከራየ። ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆኑ፤ ወንዶቹ ጋራዥ፣ ግንባታና ምግብ ቤት ገቡ። ትንሽ ብር ሲቋጠር ንግድ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ የሚመጣው። በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ መሬትም ሆነ ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክላል። ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ መውጣትም ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስራት ነው። ለመሥራት ደግሞ ከሥራ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በ2014 አዲስ የጥገኝነት ሕግ ይህን ተክቶታል፤ በካምፕ የመወሰኑ ነገር ግን ቀጠለ። ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ይህንንም እንጨምር፦ ሱዳን ራሷ ድሃ ሆና በሯን አልዘጋችም። በጁን 1980 ካርቱም ላይ የስደተኞች ጉባኤ ጠርታ ሸክሙን ዓለም እንዲያግዛት ጠይቃለች። ግን ደግሞ በር መክፈትና ሱቅ መክፈት መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ራሳችንን በነጋዴዋ ቦታ እናስቀምጥ። የካምፕ መታወቂያ ይዛ ካርቱም ተገኝታለች። ሱቅ ብትከራይ ውሉ በማን ስም ይጻፍ? ፍሪጅ ብትገዛ፣ ሊያነሷት የመጡ ቀን ፍሪጁን ማን ይሸከምላታል? ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን ይሸጣል?» ብላ አይደለም፤ «ቢመጡብኝ ምኑን ይዤ እነሣለሁ?» ብላ ነው። መልሱ ባምበር የሚሉት የገመድ በርጩማ፣ የከሰል ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጀበና፣ ጥቂት ብርጭቆና ሲኒ፣ የስኳርና የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው። በቃ፣ ድርጅቱ ይኸው ነው። ሥፍራው የኒም ዛፍ ጥላ፣ ደንበኛው በአቅራቢያው ያለ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ተማሪ። ሱዳኖች እንዲህ ያለችውን ሴት «ሲት ሻይ» ይሏታል። ሥራው የሐበሻ ብቻ እንዳልሆነ ልብ እንበል፤ ከኑባ ተራሮች፣ ከዳርፉርና ከደቡብ በድርቅና በጦርነት የተፈናቀሉ ሱዳናውያት በብዛት የሚሠሩት ነው።

በዚህ ሥራ ሐበሻዋ አንድ ዕድል ነበራት። ሱዳኖች የቡና ሰዎች ናቸው፤ ጀበናውን እንኳ የሚጠሩት እንደኛው «ጀበና» ብለው ነው። ዝንጅብል ይጨምሩበታል እንጂ ሥርዓቱ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የመጣችበት ባህል ራሱ ሙያ ሆናት፤ አዲስ ነገር ሳትማር የምታውቀውን ይዛ ገበያ ገባች። በሴፕቴምበር 1983 የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓ ሕግ ሲያውጅና መጠጥ ሲከለከል ደግሞ ጠላና አረቄ ሸጠው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ግርፋትና እስር ፊታቸው ተደቀነ። ደፍረው በድብቅ የቀጠሉ ነበሩ፤ ለሌሎቹ ቀሪው መንገድ ቡናና ሻይ፣ እንጀራና ወጥ ነበር።

ፈተናው «ካሻ» ይባላል። ካምፕ ያላችሁ ተማሪዎች ቃሉን ሰምታችኋል፤ አፈሳ ማለት ነው። አንዳንዱ አፈሳ ስደተኛውን ሰብስቦ ወደ ምሥራቅ ለመመለስ ነበር፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ የሚነግዱትን ለማንሣት። በተለይ የካርቱም ክፍለ ሀገር የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በ1996 ከወጣ በኋላ፣ በኖቬምበር 2019 እስኪሻር ድረስ፣ የመንገድ ነጋዴ ሴቶች አለባበሳቸውም ሥራቸውም በፖሊስ እጅ ነበር። መኪናው ይመጣል፣ ባምበሩና ማንቆርቆሪያው ይጫናል፣ ለማስመለስ መቀጮ ይከፈላል። ነጋዴዎቹ መላ አላጡም፦ ዕቃን ሁለት ቦታ ከፍሎ ማስቀመጥ፣ ከሕንፃ ዘበኛ ጋር መወዳጀት፣ መኪናውን ያየ ሁሉ ለሌላው ስልክ መደወል። ጥንቃቄው ግን በየቀኑ ዋጋ ያስከፍላል። ትርፏ ለሁለተኛ ማንቆርቆሪያ መግዣ እንጂ ለሱቅ ኪራይ አይጠራቀምም። «ለምን አላደገችም?» ለሚለው ጥያቄ ከመልሱ ግማሹ ይህ ነው።

ሌላው ግማሽ ብድር ነው። በሱዳን ባንክ ለመበደር መታወቂያ፣ ዋስና ቼክ ይጠየቃል። ማዕከላዊ ባንኩ በ2000ዎቹ መጨረሻ ባንኮች ከሚያበድሩት 12 በመቶውን ለአነስተኛ ፋይናንስ እንዲመድቡ መመሪያ ቢያወጣም፣ የስደተኛ መታወቂያ ይዛ መስኮቱ ጋ ለቆመችው ሴት ያ 12 በመቶ የሬዲዮ ዜና ነው። ደግሞም ዕዳ በሱዳን የዋዛ አይደለም። ያልከፈለ ሰው «እስኪከፍል ይቆይ» ተብሎ እስር ቤት ሊከርም ይችላል። የዚህ ምስክር ስደተኛ ያልሆነች ሱዳናዊት ናት፤ አዋዲያ ማሕሙድ ኩኩ። ራሷ ሻይ ሻጭ ስትሆን፣ በ1990 የካርቱም ምግብና ሻይ ሻጭ ሴቶችን ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረተች። ማኅበሩ የገባበት አንድ ኢንቨስትመንት ሲከስር ዕዳው በእሷ ላይ ወድቆ ለዓመታት ታሰረች። ከእስር ወጥታም ማኅበሯን አልተወችም፤ በ2016 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ሰጣት። ይህን የምንጽፈው ለሽልማቱ ብለን አይደለም። አገሯ ላይ ያለች፣ ቋንቋው የእሷ የሆነ፣ ማኅበር የመሠረተች ሴት ይህን ያህል ዋጋ ከከፈለች፣ ወረቀት የሌላት ሐበሻ ባንክ ቤት ለምን እንዳልገባች ለማስረዳት ነው።

በብድር በኩል ሌላ መንገድ ታይቶ ነበር፤ ካርቱም ሳይሆን ፖርት ሱዳን ላይ። አኮርድ የሚባለው ድርጅት ከ1984 ጀምሮ እዚያ ለጥቃቅን ንግዶች ብድር መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ለስደተኞች ሲሆን በኋላ ለከተማዋ ድሆች ሱዳናውያንም ተከፈተ። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ብልህነት ይመስለናል። ለስደተኛ ብቻ የሚሰጥ ነገር ጎረቤትን ያስቀይማል፤ ጎረቤት የተቀየመበት ንግድ ደግሞ ደንበኛ የለውም።

ካርቱም ውስጥ ታዲያ ባንኩ እቁብ ሆነ። ሱዳኖችም የራሳቸው እቁብ አላቸው፤ «ሰንዱቅ» ይሉታል፣ ሣጥን ማለት ነው። በአንድ ዛፍ ሥር የሚውሉ ሐበሻና ሱዳናዊት አንድ ሰንዱቅ መግባታቸው የተለመደ ነበር። ዋስትናው ወረቀት ሳይሆን በየቀኑ መተያየት ነው። ሁለተኛው መላ የሱዳናዊ ስም ነበር። ምግብ ቤት ለመክፈት ፈቃዱ በአንድ ወዳጅ ስም ይወጣል፤ ገንዘቡና ሥራው የሐበሻው፣ ስሙ የሱዳናዊው። በዚህ መንገድ ብዙ ቤት ቆሟል፤ የሱዳን ሰው አማና ያውቃል፣ ይህን መካድ ነውር ነው። ችግሩ ውሉ በሁለት ሰው ልብ ውስጥ ብቻ መኖሩ ነው። ደጉ ሰው የሞተ ቀን ልጆቹ ውሉን አያውቁትም፤ በመንግሥት መዝገብ ያለው ደግሞ የአባታቸው ስም ነው።

በማርች 2000 ሌላ የወረቀት ለውጥ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት (ዩኤንኤችሲአር) ከ1991 በፊት ከኢትዮጵያ የወጡት ሰዎች፣ ደርግ ስለወደቀ፣ የስደተኝነታቸው ምክንያት አብቅቷል አለ። የመመለስ ስጋት አለብኝ የሚል ለየብቻ ማመልከት ይችል ነበር። ለብዙ ነጋዴ ግን ትርጉሙ ከ«ስደተኛ» ወደ «የውጭ ዜጋ» መዛወር ሆነ። ትናንት በነፃ የነበረው መቀመጫ ዛሬ የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ክፍያ ይጠየቅበታል። አስገራሚው ነገር ይህ የሆነው ካርቱም ገንዘብ በምታይበት ጊዜ ነው። ሱዳን ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው በ1999 ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ሕንፃው በዛ፣ የውጭ ሠራተኛው በዛ፣ የሐበሻ ምግብ ቤትም በዛ። ከባምበር ወደ ወንበር የተሻገሩት አብዛኞቹ በእነዚያ ዓመታት የተሻገሩ ናቸው። በሌላ በኩል ከ1997 እስከ 2017 በቆየው የአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በባንክ ገንዘብ ወደ ውጭ መላክ ስለከበደ ሐዋላ ሠሪዎች ገበያ አገኙ። የአንዱ መከራ ለሌላው ሥራ መሆኑ የንግድ ባሕርይ ነው።

ስለ ገንዘቡ ራሱ ጥቂት እንበል፤ ለሒሳብ ክፍልም ይጠቅማል። በ1992 ዲናር የሚባል ገንዘብ ወጣ፤ አንዱ ዲናር 10 ፓውንድ ነው። በ2007 ዲናር ቀርቶ አዲስ ፓውንድ መጣ፤ አንዱ አዲስ ፓውንድ 100 ዲናር ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ ፓውንድ ስንት የድሮ ፓውንድ ይሆናል? አንድ ሺህ። ለዚህ ነው ገበያው ውስጥ አንዱን ፓውንድ «አልፍ»፣ ሺህ፣ ሲሉት የኖሩት። ፊደል ያልቆጠረች ቡና ሻጭ ይህን ሁሉ በቃሏ ስትመነዝር ኖራለች። ከትምህርት አቋርጬ ንግድ እገባለሁ የምትሉን ተማሪዎች «እሷ ያለ ትምህርት ሠርታ የለም ወይ?» ትሉናላችሁ። ሠርታለች። ግን በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትለይ ነዳጁ አብዛኛው ሄደ፣ ፓውንዱም መውደቅ ጀመረ፤ እዚህ ላይ በቃል ሒሳብ የማይያዝ ነገር መጣ። ደንበኛዋ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወር ሙሉ በዱቤ ይጠጣል፣ ደሞዝ ሲወጣ ይከፍላል። ዕዳውን አንድም ሳያጓድል ከፍሏት እሷ ስኳር ቤት ስትሄድ ያ ብር ያን ያህል ስኳር አይገዛም። ማንም አልሰረቃትም፣ እሷ ግን ከስራለች። በፌብሩዋሪ 2021 የዶላር ኦፊሴል ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ዘለለ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። በብር ሳይሆን በስኳር ኪሎ እየመዘገበች ዱቤ የምትሰጥ ነጋዴ ብትኖር ዋናዋ ባልተበላ ነበር። ደብተርና እርሳስ ለዚህ ነው፤ ትምህርትም ከንግድ ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም።

ከዚያ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 መጣ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ በማግስቱ ፋሲካ። ረመዳንም ሊያልቅ አንድ ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፦ በዓመቱ ውስጥ ዕቃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከማችበት ሳምንት ነው። ለፋሲካ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤውና በርበሬው፤ ለዒድ ስኳሩና ዱቄቱ። አብዛኛው ደግሞ በዱቤ የተነሣ ነው፤ ከበዓል በኋላ ሊከፈል። ጠዋት ተኩስ ተጀመረ። ቀን ሙሉ ጾሞ ማታ ሊገድፍ የተዘጋጀው ሰው አልጋ ሥር ተኝቶ አደረ። ከቀናት በኋላ መንገድ ሲገኝ ሰው ወደ መዳኒና ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ ገላባት ወጣ። ፍሪጁ፣ ወንበሩ፣ የእንጀራ ምጣዱ ቀረ። ጀበናቸውን በፌስታል ይዘው የወጡ ሴቶች እንዳሉ ሰምተናል፤ ባይሰማም ይታመናል።

ድንበሩ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። በ2023 በምዕራብ ጎንደር፣ በኩመርና በአውላላ፣ ከሱዳን ለሸሹ ሰዎች ካምፕ ተከፈተ፤ አሁን ሱዳናዊቷ ሲት ሻይ ናት በኢትዮጵያ ምድር ስደተኛ። በ2024 በአካባቢው በነበረው ግጭትና ዝርፊያ በሺህ የሚቆጠሩት ካምፑን ጥለው መንገድ ላይ ወጡ። ኢትዮጵያ በ2019 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት መብት በወረቀት ሰጥታለች። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት እስከ ዛፉ ጥላ ምን ያህል ይደርሳል? ይህን የሚነግሩን እነዚያ ሱዳናውያት ናቸው። የካርቱሙን ታሪክ ለምናውቅ ለእኛ ጥያቄው አዲስ አይደለም።

አሁን ከካርቱም የመጡት ነጋዴዎች ሲገናኙ ስለ ፍሪጁ ብዙ አያወሩም፤ ስለ እቁቡ ነው የሚያወሩት። ጦርነቱ ሲጀመር እቁቦች መሐል ላይ ነበሩ። ግማሾቹ አባላት ዕጣቸው ወጥቶ በልተዋል፣ ግማሾቹ ከፍለው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በልታ የወጣችው ካይሮ ናት፣ ያልበላችው ገዳሪፍ፣ ሰብሳቢዋ የት እንዳለች አይታወቅም። የተዋጣው በሱዳን ፓውንድ ነው፤ ያ ፓውንድ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ብዙ ወድቋል። ቢከፈልስ በየትኛው ቀን ዋጋ ይከፈል? አንዳንዶቹ በስልክ ተፈላልገው በትንሽ በትንሹ መክፈል ጀምረዋል ይባላል፤ የሚያስገድዳቸው ፍርድ ቤት የለም፣ የተፈረመ ነገርም የለም። ሌሎቹ ቁጥራቸውን ቀይረዋል። አንዷ ያልበላች ነጋዴ ስለ ጉዳዩ ስንጠይቃት «ደብተሩ እኔ ጋ ነው» አለችን፤ ስም በስም፣ ዙር በዙር የተጻፈ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ።